ደንገጎ ላይ የምታስለው ኮሮላዬ

መኪናዋ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት፣ ደንገጎ አናት ላይ ስትጠፋብኝ ይሄ ለ4ኛ ጊዜ ነው። ቆመን ሻይ ጠጥተን፣ እማዬ ብርቱካን ገዝታ፣ ተነስተን 50 ሜትር አልሄድንም ገርገጭ ገርገጭ ብላ ድርግም። እማዬ ከኋላ ወንበር ሆና «አንተ ይቺ መኪና ሳል ይዟታል፣ ቁልቢ ወስደን ጠበል እናስጠጣት» አለች፣ ሳቄ መጣ ግን አልሳቅኩም፣ ጭኔ ላይ ላፕቶፕ ተዘርግቷል፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሻርጃ፣ ዱባይ አጠገብ፣ ያለው አብሮ አደጌ ለመኪናዋ ኮምፒውተር የላከልኝ 17ኛው ፋይል አለ፣ ከኋላዬ ደግሞ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ይለቅብኛል።

ይሄ ኅዳር ላይ ነው። አሁን ደህና ናት ተመስገን። ግን ሰፈሬ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «ኮምፒውተሩ ሰራልህ ወይ፣ ለኔም ፋይል ይላክልኝ» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አቦ ነገሩ ፋይል አይደለም። ከ17ቱ ፋይል መኪናዋን ያዳናት የለም ማለት ይቻላል፣ ያዳናት አንድ ጓርኒሲዮን (መገጣጠሚያ መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ አንድ የማሳ (የነጌቲቭ) ሽቦ፣ ቦታ የቀየረ አንድ ሴንሰር፣ ከዛ ደግሞ ስክሪን ላይ ጎብጦ የነበረ አንድ መስመር ቀጥ መደረጉ ነው።

94 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1.6፣ ባለ 5 ማርሽ። ማርሚታዋ ተቀዶ እንደ ትራክተር ስትጮህ ጊዜ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ በያጁ ባትሪ ሳይነቅል ሥራውን ጀመረ፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ስልኬን እያየሁ ነበር ስለዚህ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ከዛ በኋላ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ካንዴላው ብልጭ አይልም። የፋብሪካው ኮምፒውተር ተቃጥሏል። እባካችሁ መኪናችሁ ላይ ብየዳ ሊሰራ ሲል ባትሪውን ራሳችሁ ንቀሉት፣ ባለ 10 ቁልፍ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ያገለገለ ኮምፒውተር ፈለግን፣ አዲሳባ ያለ የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራን አሰሰልኝ፣ የተገኘው የአውቶማቲክ መኪና ነው፣ ሶኬቱም አይገጥምም። በዚህ መሃል ነው የሻርጃው ልጅ የመጣው። ገንደ ቆሬ አብረን ነው ያደግነው፣ ያኔም የሰፈሩን ሬዲዮ ሁሉ ፈትቶ የሚያድር ልጅ ነበር፣ አሁን እዛ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ቱን ያደርጋል፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ቁጥሮች ለሞተሩ ያስተካክላል። «ወንድሜ ያንን አሮጌ ነገር ተወው፣ ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተር በሰው እልክልሃለሁ፣ ከዚህ ሆኜ ቱን አደርግልሃለሁ» አለኝ። ሳጥኗ መጣች፣ የሲጋራ ፓኮ ሁለት እጥፍ ታክላለች። አንድ ኤሌትራውቶና እኔ ሦስት ቀን ዳሽቦርድ ስር ተጋድመን ሽቦ ስንቀጥል ከረምን፣ በግንቦት፣ በድሬ ግንቦት፣ ላቡ ቆርቆሮ ላይ ጠብ ሲል ይጠበሳል።

ለማያውቅ ሰው ነገርዬው እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ትልቅ ሠንጠረዥ አለ፣ በአንድ በኩል የሞተሩ ዙር፣ በሌላ በኩል ኮሌክተሩ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ያለው የአየር ግፊት፣ እያንዳንዷ የሠንጠረዡ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሞተሩ እዛ ጋ ምን ያህል አየር እንደሚስብ የሚናገር ቁጥር። ከዛ የውሃው ሙቀት፣ የሚገባው አየር ሙቀት፣ የባትሪው ቮልት ይታይና ቤንዚን የሚረጨው ኢንጄክተር ስንት ሚሊሰከንድ ይከፈት የሚለው ይወሰናል። የፋብሪካው ኮምፒውተር ይሄን ሁሉ ኢንጂነሮች በብርድም በሙቀትም ሞክረው ሞልተውት ነው የሚመጣው። የኛዋ ሳጥን ባዶዋን ናት የምትመጣው፣ ሁሉን ነገር አንተ ነህ የምትነግራት፣ የተሳሳተ ነገር ከነገርካትም ታምንሃለች።

ቱን የሚደረገው ላፕቶፑን በዩኤስቢ ገመድ ከሳጥኗ ጋር አገናኝተህ፣ የስልክህን ኢንተርኔት ከፍተህ፣ ኤኒዴስክ የሚባለው ኮምፒውተር ከሩቅ የሚያስነካ ፕሮግራም ላይ ቁጥሩን ትልክለትና ሻርጃ ያለው ልጅ ማውዝህን ይዞት ይሄዳል፣ አንተ ነዳጅ ትረግጣለህ እሱ ቁጥር ይቀይራል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ማውዙ መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል፣ አንድ ቀን ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ቆመን ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ያለውን ዙር፣ እያስተካከለ ሳለ ተቋረጠና ሞተሩ በ2500 ዙር እየጮኸ ቀረ፣ አላፊ አግዳሚው «ወሪያ አጥፋው እንጂ» ይለኛል። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚሆነውን ሎግ እቀዳና ማታ በቴሌግራም እልክለታለሁ። ሎግ ማለት በሰከንድ 15 ጊዜ ገደማ የሁሉም ሴንሰር ቁጥር የሚጻፍበት ፋይል ነው። እሱ ከሥራ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። እዛ ሰዓቱ ከኛ በ1 ይቀድማል፣ በዛ ላይ ልጁ ሰዓት በፈረንጅ መቁጠር ስለለመደ «በ9 እንገናኝ» ሲለኝ እኔ ምሳ በልቼ በጠራራ ፀሐይ መኪና ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቼ ስጠብቀው እሱ ለካ ማታውን ነው፣ አንዴ እንደዛ ተቀቅያለሁ።

የመጀመሪያ ጥያቄው «ታይሚንግ ላይት አለህ?» ነበር፣ ካንዴላው በስንት ዲግሪ ላይ ብልጭ እንደሚል የሚያሳየው መብራት። የለኝም አልኩት። «እንግዲያው ምንም አልነካም» አለኝ፣ ተናደድኩ፣ ኮምፒውተር አምጥተን ደግሞ የጥንት መብራት ፍለጋ! ግን ልክ ነበር። ኮምፒውተሩን 10 ዲግሪ ላይ ቆልፎት እኔ በተዋስኩት መብራት ፑሊውን ሳየው ምልክቱ 6 ላይ ነው። ስክሪኑ 10 ይላል ብረቱ 6 ይላል። ያንን 4 ዲግሪ ሳናርም ብንቀጥል ኖሮ የሚሞላው ሠንጠረዥ ሁሉ ውሸት ነበር የሚሆነው። ያንን ቀን ትምህርቱን የወሰድኩ መስሎኝ ነበር፣ አልወሰድኩም፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

የመጀመሪያው በሽታ ይሄ ነው፣ በ3ኛ ማርሽ ቀስ ብለህ፣ 2000 ዙር አካባቢ፣ እግርህን በስሱ አስቀምጠህ ስትነዳ መኪናዋ እንደሚያነክስ በቅሎ ትሆናለች፣ ትጎትታለች ትለቃለች። ጠበቅ አድርገህ ስትረግጥ ደግሞ ደህና ናት፣ ትበራለች። ሎጉን ላክሁለት፣ ማርሚታው ላይ የገጠምነው ዋይድባንድ የሚባለው የጭስ ሴንሰር ያቺ ቦታ ላይ 16 ምናምን ያሳያል፣ ማለትም ለ1 እጅ ቤንዚን 16 እጅ አየር፣ ሚዛኑ 14.7 ስለሆነ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ቤንዚን ጨመረ፣ ፋይል ላከ። ሞከርኩ፣ ያው ነው። ጨመረ፣ ላከ። በዚህ ዓይነት 9 ፋይል ሄድን። ቤንዚን ማደያ ሰልፍ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያንን ሰልፍ ቆሜ የቀዳሁት ቤንዚን በሁለት ቀን ያልቃል፣ ጭስ ማውጫው ዓይን ያቃጥላል፣ ዋይድባንዱ ግን ምላጭ ዋጥ አድርጎ «ቤንዚን አነሰ» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ካንዴላዎቹን ፈታኋቸው። አራቱም እንደ ከሰል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት፣ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለና በድምፅ «አቦ አንተ ይሄን ፎቶ ከሁለት ወር በፊት አትልክልኝም ነበር!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልጠየቀኝማ!

ለካ ዋይድባንዱ ቤንዚን አይለካም፣ የሚለካው ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ነው። ከሱ በፊት ማርሚታው ላይ ቀዳዳ ካለ፣ ጭሱ የሚወጣው በምት በምት ስለሆነ በየምቱ መሃል ግፊቱ ይወርድና የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ «አየር በዝቷል» ይላል፣ ቱነሩ ቤንዚን ይጨምራል። ሚኒሞና ቀስታ ላይ ነው ይሄ የሚብሰው፣ ስትረግጣት ጭሱ በዝቶ ስለሚገፋ ቀዳዳዋ ብዙም አትዋሽም። ለዛ ነው ስረግጣት ደህና የነበረችው። ደግሞ ቤንዚን በዝቶ ካንዴላው ሲስት ሳይቃጠል የሚወጣው ኦክስጅንም ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ባበዛህ ቁጥር ይበልጥ አነሰ ይልሃል፣ ሲኦል እኮ ነው። 

ቀዳዳዋን ያገኘኋት እንደዚህ ነው፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳሁ፣ ታናሽ ወንድሜ የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አፈነልኝ፣ እኔ የኦሞ ውሃ በፊት ለፊት መገጣጠሚያዎቹ ላይ ረጨሁ። የጭሱ ኮሌክተርና የጭሱ ቱቦ የሚገናኙበት ጋ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ያ በያጅ! ኮምፒውተሬን የገደለው ብየዳ ፍላንጁንም በሙቀት አጣሞት ጓርኒሲዮኑ በአንድ ጎኑ አይነካም። አባቴ የባቡሩ አትሊዬ ቶርነሪ ነበር፣ ፍላንጁን ፈትቼ ሳሳየው መነጽሩን አውርዶ ፍላንጁን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀመጠው፣ በብርሃን አየውና «ይሄን ዓይን ያለው ሰው ያየዋል፣ እናንተ በኮምፒውተር ትፈልጉታላችሁ» አለኝ። ሼመንደፈር ያደገ ሰው አፉ መራራ ነው። የሚያውቀው ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠልኝ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ስናስነሳው ዋይድባንዱ ሚኒሞ ላይ 11 ምናምን አሳየ፣ በቤንዚን ሰምጠን ነበር ማለት ነው። ወደ 3ኛው ፋይል ተመለስን፣ ማነከሱ ጠፋ፣ የሁለት ወር ሥራ ውሃ በላው። የሻርጃው ልጅ በብስጭት ኮምፒውተሩ በዋይድባንዱ እያየ ራሱን እንዲያርም የሚያደርገውን ነገር ዘጋው፣ «ይሄን ውሸታም ሁለተኛ አላምነውም» ብሎ። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው በሽታ አጭር ነው ግን በጣም ነው የምወደው። ሚኒሞ ላይ ቆማ ሞተሯ ሲሞቅ ዙሩ ይወጣል ይወርዳል፣ 800፣ 1100፣ 800፣ እንደሚተነፍስ ሰው። እማዬ ናት ያወቀችው ብል ትስቃላችሁ። ቀፊራ ገበያ በር ላይ ዘንቢሏን ይዛ ገብታ «ይሄ ቃ ቃ ቃ የሚለው ምንድነው» አለችኝ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው የቬንቲሌተሩ ሪሌ (ማብሪያ ማጥፊያው) ነው። ይበራል ይጠፋል ይበራል ይጠፋል። ቬንቲሌተር እኮ አንዴ ከተነሳ ትንሽ ቆይቶ ነው መጥፋት ያለበት። ሎጉን ራሴ ከፍቼ አየሁት፣ የውሃው ሙቀት 92 ይደርሳል፣ ቬንቲሌተሩ ይነሳል፣ ያኔውኑ፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ፣ ሙቀቱ 84 ይሆናል፣ ቬንቲሌተሩ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ተመልሶ 92። ራዲያተር ሙሉ ውሃ በአንድ ሰከንድ 8 ዲግሪ አይቀዘቅዝም፣ ፍሪጅ ውስጥ ብትከተውም አይሆንም። አጠገቡ ያለውን መስመር ሳይ ደግሞ እግሬ ነዳጅ ላይ ሳይኖር ትሮትሉ (ነዳጅ ስትረግጥ የሚከፈተው የአየር በር) ከ0 ወደ 2 በመቶ ይዘላል፣ ሳጥኗ ታዲያ ሰውዬው ረገጠ ብላ ቤንዚን ትጨምራለች፣ ዙሩ ይወጣል።

ማሳ ነው። የሴንሰሮቹን ማሳ ከዳሽቦርድ ስር ካለች አንዲት ብሎን ጋር ነበር ያሰርነው፣ የቬንቲሌተሩም ማሳ በዛው ቆርቆሮ በኩል ነው የሚመለሰው። ቬንቲሌተሩ ያንን ሁሉ አምፒር ሲለቅበት ቆርቆሮው ላይ ቮልት ይፈጠራል፣ ሴንሰሮቹ የቆሙበት መሬት ከፍ ይላል፣ ሳጥኗ የምታየው ቮልት አብሮ ከፍ ይላል፣ የሙቀት ሴንሰር ደግሞ ቮልቱ ከፍ ሲል ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ቴስተር አውጥቼ አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ አንዱን ብሎኗ ላይ አድርጌ ቬንቲሌተሩን ሳስነሳው ከዜሮ ተነስቶ ከ0.1 ቮልት አለፈ። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሴንሰሩ በ5 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚያወጣው ግማሽ ቮልት አካባቢ ነው፣ 0.1 ለሱ ብዙ ነው። የሴንሰሮቹን ማሳ ሁሉ ሰብስቤ ሳጥኗ ላይ ለነሱ ተብሎ ወደተሠራው ፒን አስገባሁ፣ የሳጥኗን የራሷን ማሳ በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ፣ ቀለሙን ፍቄ፣ አሰርኩ። ቃ ቃው ቆመ። ለኤሌትራውቶው ስነግረው «መኪና ሁሉ ማሳው ቆርቆሮው አይደል እንዴ» አለኝ፣ ለጥሩንባና ለመብራት አዎ።

የሙቀቱ ጉዳይ ደግሞ የድሬ ልጅ ብቻ ነው የሚገባው። ቀትር ላይ ነድተህ መጥተህ ሞተሩን አጥፍተህ 15 ደቂቃ አሸዋ ሜዳ ገበያ ትገባለህ፣ ስትመለስ ታስነሳለህ፣ ይነሳል፣ ግን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይጠፋል። ደጋግመህ ታስነሳለህ፣ ባጃጆቹ ከበው ይጮሁብሃል፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይሄዳል። የአየር ሙቀት ሴንሰሩን ኮሌክተሩ ላይ ብረቱ ውስጥ ነበር ያሰርነው። ሞተሩ ሲጠፋ የሞተሩ ሙቀት ወደዛ ብረት ይወጣል፣ ሴንሰሩ ይጠበሳል፣ ሎጉ ላይ 70 ዲግሪ ያሳያል። ሳጥኗ 70 ዲግሪ አየር ስስ ነው ብላ ቤንዚን ትቀንሳለች፣ ከ30 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር 12 በመቶ ገደማ። እውነተኛው አየር ግን በ70 አይደለም የሚገባው፣ በማጣሪያው በኩል የድሬ 38 ወይ 40 ዲግሪ አየር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ያንሳል። ሴንሰሩን ነቅዬ ከማጣሪያው ቀጥሎ ያለው ፕላስቲክ ቱቦ ላይ ተከልኩት፣ ሽቦውን ሁለት ክንድ ቀጠልኩ፣ የሻርጃው ልጅ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ላይ ቅነሳውን አለሳለሰው። እሱ ይሄን ወዲያው ነው ያወቀው፣ የሻርጃ በጋ ከኛ ይብሳል። የሰው ልምድ የሚኖርበት አገር ነው፣ ቀጥሎ ያለውን ግን ሊያውቅ አልቻለም ምክንያቱም ሻርጃ ባሕር ዳር ነው፣ ደንገጎ የለውም።

ድሬ ከባሕር በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት። ከድሬ ተነስተህ ጠመዝማዛውን ትወጣና ደንገጎ ስትደርስ 2000ን አልፈሃል፣ ከዛ በአደሌ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ አድርገህ ሐረር 1900 አካባቢ ትገባለህ። 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ጆሮህ ሁለቴ ይደፈናል። ባቡሩ ራሱ ይሄን ገደል ፈርቶ ነው ሐረርን የተዋት፣ በታች በኩል ዞሮ ሲያልፍ ነው እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ የተወለደችው፣ እኛ የደንገጎ ልጆች ነን ማለት ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር 101 ኪሎፓስካል ነው፣ ድሬ ቁልፍ ከፍተህ ሞተር ሳታስነሳ ሳጥኗን ብታያት 88 ትልሃለች፣ ደንገጎ 79፣ ሐረር 81።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ከድሬ ተነስቼ እስከ ደንገጎ ሽቅብ ስወጣ መኪናዋ አንበሳ ናት። ቆሜ አጥፍቼ ሻይ ጠጥቼ ሳስነሳት ታስላለች፣ ትጠፋለች። እየተንፏቀቀች ሐረር ትገባለች፣ እዛም ታስላለች። ሲመሽ ስመለስ ደግሞ ድሬ እስክደርስ ታስላለች፣ ቤቴ በር ላይ አጥፍቼ ሳስነሳት ጤነኛ! የሻርጃው ልጅ ሎጉን ያያል፣ ቤንዚን ያነሰ ይመስላል፣ ሠንጠረዡ ላይ የደንገጎን ክፍሎች ይጨምራል፣ በማግስቱ ድሬ ውስጥ እነዛው ክፍሎች ቤንዚን ይበዛባቸዋል፣ ይቀንሳል። ከ10 እስከ 17 ያሉት ፋይሎች እንዲህ ነው ያለቁት። እኔ ቤንዚን ነው አልኩ፣ ፓምፑ ነው አልኩ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ቦቢና ቀየርኩ፣ በዛች ቀን ደንገጎ ላይ እማዬ ጠበል ስትለኝ እውነት ለመናገር ትንሽ አስቤበታለሁ።

የፈታችው እዛው ቆመን ስንጠብቅ የመጣችልኝ አንዲት ጥያቄ ናት፣ ለምንድነው ሳይጠፋ ደህና የሚሆነው? ዳገቱን ሙሉ በሙሉ ወጥታለች፣ አየሩ ቀድሞውኑ ሳስቷል፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ ቤንዚኑ ያው ነው፣ የተቀየረው ቁልፉ መዞሩ ብቻ ነው። ሎጉ ላይ ማንም የማያያትን «ባሮ» የምትል የውጭ አየር ግፊት መስመር ከፈትኩ። ሽቅብ ስወጣ መንገዱን ሙሉ 88፣ ቀጥ ያለች። ካጠፋሁና ካስነሳሁ በኋላ 79። ሳጥኗ የውጭውን ግፊት የምትለካው ቁልፍ ሲከፈት አንዴ ብቻ ነው፣ ሞተሩ ሳይዞር ኮሌክተሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ጋር እኩል ስለሆነ በዛው ሴንሰር ትወስዳለች፣ ከዛ እስክታጠፋት ያንኑ ይዛ ትቀመጣለች። እሺ፣ ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያ ቁጥር ሲወርድ ቤንዚን የሚቀንስ አንድ ጎባጣ መስመር ፋይሉ ውስጥ መኖሩ ነው፣ ከ88 ወደ 79 ሲወርድ 8 በመቶ ይቀንሳል።

ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ሰደድኩለት። ማታ ደወለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል። መስመሩን ከሌላ መኪና ፋይል ላይ ነው የገለበጠው፣ ያ መኪና አየሩን የሚገምተው በትሮትሉ መከፈት ብቻ ነበር፣ እንደዛ ሲሆን ከፍታ ላይ ቤንዚን መቀነስ ግዴታ ነው ምክንያቱም ትሮትል ስለ አየር ግፊት ምንም አያውቅም። የኛዋ ግን ኮሌክተሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ራሱን ነው የምትለካው፣ አየሩ ሲሳሳ ቁጥሩ ራሱ ወርዶ ቤንዚኑ ተቀንሶላታል፣ በዛ ላይ መስመሩ ሁለተኛ ሲቀንስባት ታስላለች። የአንድ ዕዳ ሁለቴ መከፈል ማለት ነው። ያ በብስጭት የዘጋው ራስን የማረም ነገር ክፍት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሸፍነው ነበር፣ እኛ ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ ይኖር ነበር፣ እንጃ የቱ ይሻላል። «ሻርጃ ውስጥ ይሄ መስመር 101 ላይ ቁጭ እንዳለ ነው፣ ተንቀሳቅሶ አያውቅም፣ በምን ልየው» አለኝ። እውነቱን ነው። መስመሩን ቀጥ አደረገው፣ ከ10 እስከ 17 የቆለለውን ሁሉ አነሳ።

ለሙከራ ብቻዬን ሐረር ወጣሁ። ደንገጎ ላይ አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። አወዳይ ላይ አጠፋሁ፣ አስነሳሁ፣ አንድ ልጅ ጫት ልገዛ የቆምኩ መስሎት ሦስት እስር ይዞ መጣ። ሐረር ፈረስ መጋላ ገብቼ ፔጆ 404 ታክሲዎቹ ጋ ቆምኩና ላፕቶፕ ከፍቼ ሎግ ሳይ አንድ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ይሄ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ቤንዚኑን እንደ ከፍታው ያስተካክላል አልኩት። ወደ ፔጆው ዞሮ አየ፣ ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ማምረት የጀመሩት ሞዴል ነው፣ ካርቡራተር ነው፣ «የኔ ትንሽ ታጨሳለች እንጂ አንድም ቀን ደንገጎ ላይ አድራ አታውቅም» ብሎኝ ሄደ። ምን ይባላል።

ታኅሣሥ 19 እማዬን ቁልቢ አደረስኳት። ደንገጎ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ፣ አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ዝም ብላ ሄደች። እማዬ ስለቷን አስባ ይሁን ስለ መኪናዋ «ገብርኤል ሰምቶኛል» አለች፣ ስለ ባሮ መስመሩ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፣ ከደንገጎ ቁልቁል እግሬን አንስቼ በማርሽ ስወርድ ቤንዚኑ ይዘጋል፣ ያ መሆን ያለበት ነው፣ ግን 1400 ዙር ላይ ተመልሶ ሲከፈት ወገብህን ገፋ ያደርግሃል። የሻርጃው ልጅ ሎግ ላክልኝ ብሏል። እኔ ግን ዘንድሮ ተምሬያለሁ፣ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቼ የትሮትሉን ገመድ አየሁት፣ ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ሎጉም ተቀድቷል፣ ያልተላከው ላፕቶፑ ባትሪ ጨርሶ ነው፣ ሳቢያን ደግሞ ከቀትር ጀምሮ መብራት የለም።